በከዘራ የተያዘ ልጅ

በጣልያን ጊዜ ደብረ ታቦር ስትኖር ምን ትፈራ ነበር ብትሉኝ፣ መድፉን ወይም አውሮፕላኑን እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እነዚያንማ አገር ምድሩ ይፈራቸው ስለነበር ለእኔ ተራ አልደረሰኝም። እኔ የምፈራው አንዲት ከዘራ ነበር። ከወይራ የተቆረጠች፣ ጫፏ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈች፣ በእጅ ብዛት የወዛች ከዘራ። ባለቤቷ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ከተማው «እማሆይ ከዘራ» ይላቸው ነበር።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል፤ ትንሽ ስለሆነ አይሰለቻችሁም። አገሬ አንበሳሜ ነው። በልጅነቴ ጎንደር ሄጄ ከአንድ ዐረብ ልብስ ሰፊ ዘንድ ስፌት ተማርሁ። ጌታዬ ወደ አገሩ ሲመለስ በእጅ የምትዞር አሮጌ የስፌት መኪና በደመወዜ ፈንታ ትቶልኝ ሄደ። እሷን በአህያ ጭኜ ደብረ ታቦር ገባሁ። አንበሳሜ ለምን አልተመለስህም ትሉኝ ይሆናል። እናቴ እኔ ጎንደር ሳለሁ ሞታለች፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። ዱር የገባ ወንድም ያለው ሰው በዚያ ዘመን በትውልድ መንደሩ ባይታይ ይሻለው ነበር።

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድም ዘመድ የለኝም። ወዳጅም አላፈራሁ፤ ለዚህ ተጠያቂው ሱሪ ነው። ጣልያን ለባንዳዎቹ የሚያድለው ሱሪ ለዝሆን የተሰፋ ይመስል ነበር፤ ያገሬ ልጅ ወገቡ ደግሞ የተርብ ነው። እኔ ያንን ሱሪ ማጥበብ ሥራዬ ሆነ። እንጀራ ነውና ምን ላድርግ! ባንዳዎቹ ሱሪያቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ የከተማው ሰው ደግሞ «የባንዳን ወገብ የሚያጠብ ሰው ለወሬ አፉ ሰፊ ነው» ብሎ ጠረጠረኝ። ጠላ ቤት ስገባ ጨዋታው ሁሉ ተቋርጦ ስለ ዝናብ ይሆናል። በጥር ወር ስለ ዝናብ የሚያወራ ጠላ ቤት ካያችሁ እኔ ገብቻለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ጠላ ቤት መሄዱንም ተውሁት። ሳምንት ሙሉ ድምፄን ሳልሰማ የሰነበትሁበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን መርፌ ወጋኝና «ውይ!» ስል፣ ሰው የመጣ መስሎኝ ደንግጬ ወደ በሩ ዞርሁ።

ወደ ከዘራዋ እንመለስ። ድሮ በገበያው መካከል የሚያልፈው በቅሎና አህያ ነበር። በቅሎ ደግሞ ጨዋ ናት፤ ሰው ካየች ትቆማለች። ጣልያን መጥቶ ገበያውን በመካከሉ ሰነጠቀና የመኪና መንገድ አወጣበት። ከዚያ ወዲያ ከእህሉ ተራ ወደ ጨው ተራ መሻገር የሞላ ወንዝ እንደ መሻገር ሆነ። ሰው ዳር ላይ ይቆማል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ቀሚሱን ሰብስቦ ይሮጣል። ለማኝ የሚባል ሰው ደግሞ ሌላው ሰው የት ላይ እንደሚቆም ያውቃል። የከተማው ለማኝ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነሥቶ እዚያው መሻገሪያው ላይ ሰፈረ። ከፊትህ መኪና፣ ከኋላህ ለማኝ! አንዱ ጋቢህን ይይዛል፤ አንዱ ቁስሉን ገልጦ አፍንጫህ ሥር ያደርሰዋል፤ ሌላው ለማታውቀው ሟች ዘመድህ «ነፍስ ይማር» ይልልሃል። ለመሻገር የቸኮለ ሰው የሚሰጠው ወዶ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚፈሩት እማሆይ ነበሩ፤ እሳቸው ልመናቸው ከአፍ ሳይሆን ከአንገት ይጀምራል። ከዘራቸውን ከኋላ ወርወር አድርገው አንገትህን በመንጠቆው ይይዙና እንደ ወይፈን ስበው ፊትህን ወደ ፊታቸው ያዞሩታል። «ስለ ማርያም!» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን የያዙኝ አንድ ቅዳሜ ነው። መንገዱ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ባንዳ ከማዶ ሆኖ፣

«አንተ ባለመኪና! ሱሪዬ ደረሰ ወይ?» ብሎ ጮኸ።

ከተማው የስፌት መኪናዬን አይቶ ባለመኪናው ነበር የሚለኝ። እማሆይ ይህን አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት መኪና አንድ ብቻ ነው፤ ያ እያጓራ ጭኖ የሚያልፈው። ቃሉ ከባንዳው አፍ ወጥቶ መሬት ሳይነካ ከዘራዋ አንገቴ ላይ ነበረች።

«ባለመኪናው! ስለ ማርያም!»

«እማሆይ ይልቀቁኝ! የኔ መኪና ሌላ ነው!»

«ሌላም አለህ?»

«የለኝም! የስፌት ናት፤ በእጅ ነው የምትዞረው!»

«ያን ሁሉ ብረት በእጅህ የምታዞር ከሆነማ ጉልበትም ሰጥቶሃል» አሉና ከዘራዋን ጠበቅ አደረጓት።

ያለኝን ሰጥቼ አመለጥሁ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ለለማኝ አንድ ጊዜ ደንግጠህ ከሰጠህ ለዘለዓለም ባለዕዳው ነህ። በማግስቱ ያዙኝ፤ በሠልስቱም ያዙኝ። ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣ!» ይሉና ከተቀመጡበት ይነሣሉ። ያን ጊዜ የእኔን መምጣት ለይቶ የሚያይ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህን ግን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

መሸሽ ጀመርሁ። መጀመሪያ በወፍጮው ጓሮ በምታልፈው ጠባብ መንገድ ዞርሁ። እዚያ ሦስት ውሾች አሉ። ውሻ ደግሞ ስለ ማርያም አይልም፤ ሳይለምን ነው የሚወስድ። የሱሪዬን ግማሽ ወሰዱና የቀረውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ለራሴ ሱሪ የሰፋሁት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ በወንዙ በኩል ሞከርሁ። ለእህል ተራ ሰዎች የሰፋሁትን ቀሚስ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ነክሬ ስለወጣሁ የቀሚሱ ባለቤቶች ሳምንት ሙሉ አናገሩኝ፤ ስድብም ቢሆን ንግግር ነው።

በመጨረሻ መልኬን ልለውጥ አልሁ። አሮጌ ጋቢ እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ በትር ይዤ፣ እያነከስሁ ወደ መሻገሪያው ሄድሁ። እውነትም እማሆይ አላወቁኝም! ደስ ብሎኝ ቆም ብዬ መኪናው እስኪያልፍ ስጠብቅ፣ አንዲት ደግ ሴት «አይዞህ ወንድሜ» አለችና ጭብጥ ቆሎ በእጄ አስጨበጠችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ወንድሜ ያለኝ ሰው ስላልነበረ አለመልመዴ ጎዳኝና እውነቱን መናገር አቅቶኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኋት። እማሆይ ይህንን ሰሙ።

«ማነህ አንተ? ከየት የመጣህ ለማኝ ነህ? ይህ ቦታ ባለቤት ያለው መሆኑን አታውቅም?» አሉና ጋቢዬን በከዘራ ገፈፉት።

አዩኝ። አየኋቸው። ቆሎው በእጄ ነው።

«ባለመኪናው!» አሉ ቀስ ብለው፣ በእውነት አዝነው። «ይህን ያህል ደኸየህ?»

ይህ ሳያንስ ከሁለት ቀን በኋላ ሞት ደጃፌን አንኳኳ። መንገዱን ልሻገር እግሬን ሳነሣ ከዘራዋ ከጎን ያዘችኝ፤ ላመልጥ ስታገል ተንሸራተትሁና መንገዱ መካከል ወደቅሁ። አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን እየወረደ ነው። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የጎማው ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ያችው ከዘራ በብብቴ ገብታ እንደ ጆንያ ጎትታ ወደ ዳር አወጣችኝ። መኪናው አቧራውን አልብሶን አለፈ። ሹፌሩ በአገሩ ቋንቋ ስለ እናቴ አንድ ነገር የተናገረ ይመስለኛል።

እማሆይ ከአጠገቤ ቁጭ ብለው እያለከለኩ፣ «ነፍስህን አትርፌልሃለሁ፤ ስለ ማርያም!» አሉኝ።

«የጣሉኝም እርስዎ ነዎት!»

«ያወጣኋት እኔ፣ የጣልኋት እኔ። ለሁለት ሥራ አንድ ምጽዋት ብትሰጠኝ ምን ይጎዳሃል?»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ዕድሜ ልኬን የሚያሳፍረኝን ቃል ተናገርሁ። «ሁለተኛ ቢነኩኝ ለጣልያን ዘበኛ እነግራለሁ!» አልሁ።

እማሆይ አቧራቸውን አራገፉ። ከዚያ ተነሡና ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ገበያው እስኪሰማ ጮኹ።

«ያገር ሰው ድረሱልኝ! የገዛ ልጄ፣ ከሆዴ የወጣው፣ ለጣልያን ሊሰጠኝ ነው!»

ገበያው ቀጥ አለ። ስንት ዘመን ከሰው መካከል ቆሜ ያላየኝ ገበያ በሙሉ ዓይኑ አየኝ። «እናቱን?» አለ አንዱ። «ጥንቱንም ጠርጥሬው ነበር» አለ ሌላው። «እናቱ መንገድ ላይ እየለመነች እሱ ባለመኪና!» አለች አንዲት ሴት፤ ያችው ቆሎ የሰጠችኝ ናት። ድንጋይ ለማንሣት ያጎነበሰም ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ የጨው ነጋዴው አያ ምስጋናው፣ የገበያው ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸውን አነሡና «ነገሩ በወግ ይታይ» አሉ። ሁለት ሽማግሌ ጨመሩና በገበያው ዳር ካለው የጽድ ዛፍ ሥር አስቀመጡን።

«እናትህ ናቸው?» አሉኝ አያ ምስጋናው።

«አይደሉም።»

«አለመሆናቸውን የሚያውቅልህ ማነው? ምስክር ጥራ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ይህን ያህል ሰው ቆሟል፤ ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ የሚናገር አንድ ሰው የለም። ወንድሜን አልጠራው ነገር፣ ስሙን ማንሣት ራሱ ገመድ ነው።

«ምስክር የለኝም» አልሁ። «እናቴ ሞታለች።»

«ስትሞት አይተሃል?»

«አላየሁም፤ ጎንደር ነበርሁ።»

«ቀብረሃል?»

«ጎረቤት ነው የቀበራት። መልእክቱ የደረሰኝ ከተዝካሯ በኋላ ነው።»

አያ ምስጋናው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ታዲያ እናቱን ያልቀበረ ሰው እናቱ መሞቷን በምን ያውቃል?» አሉ። ሕዝቡ «እውነት ነው!» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ጊዜ ግን ያላየሁትን መቃብሯን ሳስብ መልሱ አመለጠኝ። ሽማግሌዎቹ ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፤ በየቀኑ እማሆይን ምሳ በእጄ እንዳበላ።

በማግስቱ እንጀራና ሽሮ በመሶብ ወርቅ ሳይሆን በአሮጌ ቁና ይዤ ወጣሁ። እማሆይ ተቀበሉኝ፣ ባረኩኝ፣ ቀመሱ።

«ሽሮህ ቀጥኗል» አሉ። «የሚያበስልልህ የለም?»

«የለም።»

«ማሳል የጀመርህስ መቼ ነው?»

«ማን ሳለ?»

«ትናንት ስትሻገር ሁለት ጊዜ ሳልህ። ዛሬ አልሳልህም። ደህና ነህ ማለት ነው።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ እየሳልሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ራሴን ሳደምጥ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰነበትን። በፍርድ የተጀመረው ምሳ ቀስ በቀስ ፍርዱ ተረሳና ምሳው ዘለቀ። ሳላስበው ከቀትር በፊት መውጣት ጀመርሁ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን፤ እሳቸው በመካከሉ ሰው ሲያልፍ «ቆይ» ይሉኝና አንገት ይዘው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ። ወሬያችንን ካቆምንበት ይቀጥላሉ። በምላሳቸው የማይነካ የለም፤ የባንዳውን ሱሪ፣ የጣልያኑን ቁምጣ፣ የቄሱን በቅሎ። እኔም እናገር ነበር። መናገር እንደምችል ረስቼው ኖሮ አፌ አንዳንዴ ቀድሞኝ ይሄዳል።

አንድ ቀን «እማሆይ፣ ለምን ዋሹብኝ?» አልኋቸው።

ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አሰቡ።

«ዘመድ ያለውን ሰው ልጄ ብዬ ብይዘው እናቱ ድንጋይ ይዛ ትመጣብኛለች» አሉ። «አንተን ግን ብዙ ቀን አየሁህ። ትመጣለህ፣ ትሄዳለህ፣ እንዴት አደርህ የሚልህ የለም። ይህን ብይዘው ማን ይመጣብኛል ብዬ ነው።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋው ግን ሳቁ ከውጭ ቀረ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ የጣልያን ሹም በከተማው ሊያልፍ ነው ተባለ። መንገዱ ተጠረገ፣ ድንጋዩ ተነሣ፣ ከድንጋዩ ጋር ለማኙም ተነሣ። ምሳ ይዤ ስደርስ መሻገሪያው ባዶ ነው። እንደዚያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ተሻገርሁና ማዶ ደርሼ ምን እንደምሠራ ጠፋኝ።

«ወደ ጣልያኑ ግቢ ወሰዷቸው» አሉኝ አያ ምስጋናው። «ነገ በመኪና ይጭኗቸዋል አሉ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዘመድ ያለው፣ ዘመዱ መጥቶ ተጠያቂ ነኝ ብሎ ከፈረመ ይለቁለታል።» ካሉኝ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ። የሚያዩኝ እንደ እማሆይ ልጅ ነው።

ወደ ጣልያን ግቢ በእግሩ ሄዶ በፈቃዱ የገባ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። ስሜን ይጽፋሉ፤ አገሬን ይጠይቃሉ፤ አንበሳሜ ካልሁ ወንድምህስ ይላሉ። ይህን ሁሉ መንገድ ላይ አሰብሁት። ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ቤቴ ድረስ ደርሼ ቁናውን አስቀመጥሁና እንጀራው ለአንድ ሰው ብዙ ሆኖ ታየኝ። ይዤው ተነሣሁ።

ግቢው ውስጥ ለማኞቹ በአንድ ጥግ ተቀምጠዋል። እማሆይ ከዘራቸውን ስለተነጠቁ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። አንድ ወፍራም ጣልያን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ከጎኑ አስተርጓሚው ቆሟል። አስተርጓሚውን አውቀዋለሁ፤ ሱሪውን ሦስት ጊዜ አጥብቤለታለሁ፣ አንድም ቀን ከሱሪው በቀር ስለ ሌላ ነገር አላነጋገረኝም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

«እናቴን።»

አስተርጓሚው ቅንድቡን አነሣ። ወደ ጣልያኑ ዞሮ ተናገረ፤ ጣልያኑ መለሰለት።

«የእናትህ ስም ማነው?»

አላውቅም! ያን ያህል ቀን ምሳ ሳቀብላቸው አንድ ቀን ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ጭንቅ ሲይዘኝ አፌ ላይ የመጣው የእናቴ ስም ነው። «ጥሩነሽ» አልሁ። ከሞተች ወዲህ በድምፅ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው።

«እርስዎስ እማሆይ፣ ስምዎ?»

«ወለተ ጽዮን» አሉ እማሆይ፣ በኩራት።

አስተርጓሚው አየኝ። እኔ እማሆይን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«ልጅዎስ ማን ይባላል?»

እማሆይ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። ስሜን ለካ እሳቸውም አያውቁም።

«ባለመኪና» አሉ።

አስተርጓሚው ወደ ጣልያኑ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ጣልያኑ ሆዱን ይዞ ሳቀና ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ፈረምሁ። ከዘራዋንም መለሱልን።

በሩ ድረስ አስተርጓሚው አብሮን መጣ። «ምን አልኸው?» አልሁት በሹክሹክታ።

«እናትዮዋ አርጅታ ስም ይጠፋታል፣ ልጁም ሞኝ ነው አልሁት። ግማሹ እውነት ስለሆነ በቀላሉ ወጣልኝ» አለ። ወደ ኋላው ገልመጥ ብሎ ጨመረ፤ «ወንድም እንዳለህ ጠይቀው ብሎኝ ነበር። ረሳሁት። በል ሂድ።»

በማግስቱ የቀሩት ተጭነው ሄዱ። ቁስሉን የሚገልጠው ሰውዬ ከመኪናው ላይ ሆኖ አየኝና ከልማዱ የተነሣ እጁን ዘረጋልኝ። ወዴት እንደወሰዷቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እማሆይ ክረምቱን ከእኔ ጋር ከረሙ። መንገድ ላይ እንዳይወጡ ፈርሜባቸዋለሁና እሳቸውም ቃሌን አከበሩልኝ። ችግሩ ምግቡ ላይ ነበር። ማዕድ ሳቀርብ አይነኩም። ዝናብ እየዘነበ ብድግ ብለው ይወጡና ደጄ ላይ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላሉ። እኔ እንጀራውን ይዤ ወጥቼ እሰጣለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው፣ መርቀውኝ፣ ገብተው እሳት ዳር ተቀምጠው ይበላሉ። «ሳይለምኑ መብላት ስርቆት ነው» ይሉኝ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ደጄን የሚጠራ ሰው አገኘሁ። አንዳንዴ ሲዘገዩብኝ መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን እጥላለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዘራቸውን ይዘው። ቤቴ ከአንድ የቁልቋል አጥር ጫፍ ላይ ያለች፣ መንገዱ እዚያው የሚያልቅባት ጎጆ ናት። አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ማንም ሳያልፍ ሲቀር አየሁ። አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ መጣች፤ እማሆይ አንገቷን በከዘራ ያዝ አደረጓት። «ስለ ማርያም» አሏት። ዶሮዋ ጮኸች፤ እኔ ሳቅሁ። እማሆይ አልሳቁም። ለቀቋትና መንገዱን ማየት ቀጠሉ።

መስቀል አለፈ። አንድ ጠዋት ስነቃ ደጃፉ ባዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ የሉም። መሻገሪያው ላይ ሄድሁ፤ የሉም። በመኪናው መንገድ ዳር ዳር ሰው እያስቆምሁ ስጠይቅ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን አያ ምስጋናው ጨው ሸጠው ሲመለሱ፣ «እናትህን ጋሳይ ገበያ ላይ አየኋቸው። አንገቴን ሊሰብሩት ነበር» አሉኝ።

ሲነጋ ስንቅ ቋጥሬ ወደ ምሥራቅ ተነሣሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርዱ፣ ዳገቱ፣ ከገብሱ ማሳ የሚነሣው ንፋስ። ምን እንደምላቸው እያሰብሁ ሄድሁ። ቁጣ አዘጋጀሁ፣ ልመና አዘጋጀሁ፣ ሁለቱንም መንገድ ላይ ጨረስኋቸው። ጋሳይ ስደርስ ገበያው ቆሟል። እማሆይ ከመንገዱ ዳር የአንድ የበግ ነጋዴ አንገት ይዘው ይነጋገራሉ፤ ነጋዴው ይጮኻል፣ በጎቹ ይበተናሉ፣ ሰው ከቧቸው ይስቃል። ፊታቸው ክረምቱን ሁሉ አይቼው የማላውቀው ፊት ሆኗል።

ነጋዴው ከፍሎ ካመለጠ በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስንቁን ፈታሁ።

«ምን አጎደልሁብዎ?» አልሁ።

«ምንም አላጎደልህብኝ። ቤትህ ይሞቃል። ሽሮህም ወፍሯል።» እንጀራውን ቆርሰው አጎረሱኝ። «ግን ልጄ፣ ሰው አያልፍበትም።»

«እኔ አለሁ አይደለም ወይ?»

«አንተማ አለህ። አንተ ግን ተቀማጭ ነህ። እኔ ደግሞ የለመድሁት አላፊ ነው።»

አብረን በላን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ሂድ፣ ሳይጨልም ዳገቱን ጨርሰው» አሉኝ። ስነሣ መረቁኝ፤ ረዥም ምርቃት ነበር። መካከሉ ላይ አንድ ባለበቅሎ ሲያልፍ ምርቃቱን አቋርጠው ወደ እሱ ሄዱ። ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከባለበቅሎው ጋር ነገራቸው ረዘመ። ምርቃቱን እንደ ተቆረጠ ይዤው ተመለስሁ።

ያን ሳምንት ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ከጨው ተራው ፊት ለፊት፣ አንዲት በረንዳ ለመንሁና የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ወጣሁ። መለመን ከማን እንደተማርሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ቀን ማንም አላናገረኝም። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው «እንዴት ዋልህ» አለ፤ ቀና ብዬ ስመልስ ለካ የሚለው ከኋላዬ ላለው ሰው ነው። እስከ ዛሬም ብዙው ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። እኔም መኪናዬን አዞራለሁ። ሲያልፉ የእግራቸውን ኮቴ እሰማለሁ፤ ውሎ አድሮም ማን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሳለ፣ ማን ሳይስል እንደዋለ ማወቅ ጀምሬአለሁ።